በሬውን ማን ባረከው?

ሐኪሙ «መቆም ቀንሺ» ይለኛል። ምግብ ቤት ያላት ሴት ቁጭ ብላ እንዴት እንደምትሠራ ግን አልነገረኝም። ይህን የምጽፈው የምሳው ግርግር ካለፈ በኋላ፣ ያበጠ እግሬን ዱካ ላይ ሰቅዬ ነው። ነገሬ ቢንዛዛም ቢቆራረጥም ድካሙ ነው በሉልኝ። የሰው ኑሮ የሚለወጠው በትልቅ ነገር ብቻ የሚመስላችሁ ካላችሁ፣ የእኔን የለወጠው ዳሌው የተሰበረ በሬ ነው።

ያኔ ሠላሳ ዓመት አልሞላኝም ነበር። መንግሥት ተለውጦ፣ ክልልና ዞን የሚባለውን አጠራር ምላሳችን ገና እየለመደው ነው፤ ሞባይል የሚባል ነገር ወላይታ ሶዶ አልደረሰም። መናኸሪያው አጠገብ አንዲት ክፍል ተከራይቼ ቅቅልና ጥብስ እሸጥ ነበር። ሌላ ነገር የለም። ሽሮ የሚጠይቀኝ ሲመጣ «ሽሮ ቤትህ የለም እንዴ?» እለዋለሁ። ጾመኛ ሲመጣ ጎረቤት እጠቁመዋለሁ። ሙስሊም መንገደኛ ብቅ ሲል ደግሞ ገና ከደጃፍ አይቶኝ ይገባዋል፣ እኔም ራሴን እነቀንቃለሁ፣ ይሄዳል። ክፋት አልነበረም። አንድ ድስት ጥዶ መዋል ራሱ ጉልበት ይጨርሳል።

ዶሮ ለመሥራት ሳስብ ዶሮዋንና ቢላዋውን ይዤ ደጃፍ እቆማለሁ። የሚያልፍ ወንድ ሳይ «ወንድሜ፣ እባክህ ይቺን ባርክልኝ» እላለሁ። በእኛ ወግ ሴት አታርድም። ቀኑን ሙሉ ሥጋ ስትዘለዝልና አጥንት ስትለይ የምትውል እጅ፣ አንገት ላይ ስትደርስ የሴት መሆኗ ትዝ ይላታል። ሰካራምም ይሁን ሌባ፣ ወንድ ከሆነ ይባርካል። በዚያን ጊዜ ይህ ነገር አንድም ቀን ከንክኖኝ አያውቅም።

ዘይትና ጨው የምወስደው ከሐጂ ከድር መደብር ነበር። አባታቸው ከስልጤ አገር መጥተው ሶዶ የከተሙ ነጋዴ ሲሆኑ፣ እሳቸው እዚሁ ተወልደው ያደጉ፣ ወላይትኛውን ከእኔ አባት እኩል የሚያቀላጥፉ ሰው ናቸው። ሬሳ ስናወጣ አብረውን ያወጣሉ፤ ድንኳን ሲተከል ካስማ ይይዛሉ። እኔ ቤት ግን በእነዚያ ሁሉ ዓመታት ከሻይ በስተቀር ቀምሰው አያውቁም። ሻያቸውን ፉት ብለው «አላህ ይባርክልሽ» ይሉና ይሄዳሉ።

በወላይታ መስቀል ሲደርስ ጊፋታ ነው፤ ዓመታችን የሚለወጥበት በዓል። ጸሎት ቤት የሚሄደውም የማይሄደውም ሥጋ ይበላል። ወንዶቹ ዓመቱን ሙሉ ለበሬው ያጠራቅማሉ፤ ሴቶቹ ለቅቤው። የአባቴ ቅርጫ የስምንት ቤት ቅርጫ ነበር። በሬውን ቀደም ብለው ይገዙና ከአባላቱ አንዱ ቤት ታስሮ በስኳር ድንች ሐረግና በእንሰት ቅጠል ይደልባል። በዚያ ዓመት የቀለበው አጎቴ ባሳ ነበር። ሶዶ ለገበያ ሲመጣ ስለ ልጆቹ ሳይሆን ስለ በሬው ነው የሚያወራኝ። «ሻኛውን ብታዪው!» ይለኛል።

በበዓሉ ዋዜማ ወደ አገሬ ወደ ቢጠና በኩል ልሄድ መናኸሪያ ስገባ፣ ሚኒባሱ ሁሉ ሰው በሰው ላይ ደርቧል። ወያላው የአንዷን አሮጊት ጉልበት እያጠፈ «ይበቃል፣ ይበቃል» ይላል። የሳምንቱ ድካም አናቴ ላይ ወጥቶ ስለነበር መልሼ ልተኛ ስል፣ ሐጂ ከድር ከአይሱዙ ጋቢና አንገታቸውን አውጥተው ጠሩኝ።

«አስቴር! ቢጠና ነኝ፤ ጨውና ሳሙና ላደርስ ነው። ግቢ።»

ከሾፌሩ ከተሾመና ከእሳቸው መሀል ተቀመጥኩ። ከታች የሚጋፋውን ሰው ሳይ ትንሽ አፈርኩ። ግን ወረድኩ አልላችሁም።

ሻንቶ ስንደርስ መንገዱ በገበያ ሰው ተዘግቶ ቆምን። ሐጂ ከእግራቸው ሥር ዘንቢል አወጡ። ዳቦና ሙዝ አለ፤ በጨርቅ የተጠቀለለ ቢላዋም አለ፤ ትንሽ የአሉሚኒየም ድስትም አለች።

«ድስት ይዘው ነው የሚዞሩት?» አልኳቸው።

«ታዲያስ። ዶሮ ካገኘሁ ራሴ አርጄ በራሴ ድስት ቀቅሉልኝ እላለሁ። ካላገኘሁ ሙዝ በዳቦ።»

«አይሰለችዎትም፣ ሐጂ?»

ሙዙን መላጥ ጀመሩ። «ይሰለቻል እንጂ። ሙዙ አይደለም የሚሰለቸው። ሰው ሲበላ ቆሞ ማየቱ ነው። እዚሁ ተወልጄ፣ ሲበላ ጊዜ እንግዳ እሆናለሁ።»

ከዳቦው ቆርሰው ሰጡኝ፤ በላሁ።

ሻንቶን አልፈን ጠጠሩን መንገድ ከያዝን በኋላ ካፊያ ጀመረ። የእኛ መንደር ልንደርስ ጥቂት ሲቀረን ከኩርባው ወዲያ አንድ ሰው በሬ እየሳበ በመንገዱ ዳር ሲሄድ አየን። ከኋላው አወቅሁት። አጎቴ ባሳ ነው፤ በሬውን ከእሱ ቤት ወደ አባቴ ግቢ እየወሰደው ነው። ደስ ብሎኝ «አጎቴ ነው!» አልኩ። ተሾመም ደስታዬን ሊያደምቅ መሰለኝ ጥሩምባውን ለቀቀው።

በሬው ዘለለ። ገመዱ ከአጎቴ እጅ አመለጠ። ተሾመ መሪውን ወዲያ ቢጠመዝዘውም በሬውም ወደዚያው ነበር የሮጠው። የሰማሁት ድምፅ የከባድ ጆንያ አወዳደቅ ዓይነት ነው። መኪናው ሲቆም በሬው ቦዩ ውስጥ ተጋድሟል። ዳሌው ተሰብሯል፣ ከአፉ ደም የቀላቀለ አረፋ ይወጣል።

ተሾመ በሩን ከፍቶ ወደ ቢጠና ሮጠ፤ ፖሊስ ጣቢያ ሊገባ። አልፈርድበትም። ሾፌር ሰውም ይግጭ በሬ፣ መጀመሪያ የሚያምነው እግሩን ነው። አጎቴ ደግሞ ጭቃ በጭቃ ሆኖ ተነሥቶ ኪሱን ዳበሰ፣ ወገቡን ዳበሰ። «ቢላዋ! ቢላዋ!» እያለ ዳገቱን ወደ መንደር ወጣ። በሬው ሳይታረድ ከሞተ በክት ነው፤ የስምንት ቤት በዓል ለጅብ ይሆናል። ይህን ለማወቅ ሽማግሌ መሆን አያስፈልግም።

እኔና ሐጂ ብቻችንን ከበሬው ጋር ቀረን። ወደ ላይም ወደ ታችም አየሁ። የሚያልፍ ወንድ የለም። ሐጂ ጨርቁን ፈትተው ቢላዋውን አወጡ።

«አስቴር፣ አይቆይም። ዓይኑን እዪው።»

«ይመጣሉ፣ ሐጂ፤ ትንሽ ይታገሱ።»

«እኔ እታገሣለሁ። እሱ ነው የማይታገሠው።» ቢላዋውን በስለቱ በኩል ይዘው እጀታውን ወደ እኔ ዘረጉት። «እንኪ። በሬው የእናንተ ነው። አንቺ ባርኪው።»

«ሴት ታርዳለች እንዴ?»

«እኛ ዘንድ ታርዳለች።»

«እኛ ዘንድ አታርድም!» ብዬ እጄን ወደ ኋላዬ ደበቅሁ። እንደ ልጅ። ያቺን ጠዋት ከተማ ውስጥ የአንድ ሙሉ ታፋ ሥጋ የበለተች እጄን።

በሬው አንድ ጊዜ ጮኸ። የበሬ ጩኸት አልነበረም፤ ከዚያ በፊትም በኋላም ሰምቼው አላውቅም። ሐጂ «ያ አላህ!» ብለው ቦዩ ውስጥ ወረዱ። አንገቱን በጉልበታቸው ደገፍ አድርገው «ቢስሚላህ፣ አላሁ አክበር» ሲሉ ሰማኋቸው። ከዚያ ጸጥ አለ።

እንባዬ መጣ፤ ግን የእፎይታ ነበር። አልተሰቃየም፣ በክት አልሆነም፣ በዓሉ ተረፈ ብዬ ሐጂን ላመሰግን ቀና ስል ፊታቸው ተለውጧል። የደረቡት ጋቢ ደም ነክቶታል። ቢላዋውን ያዩታል፣ በሬውን ያዩታል።

«ምን አደረግሁ?» አሉ በቀስታ።

ያን ጊዜ ነው ለእኔም የገባኝ። የእስላም ሥጋ ሆነ። በእኛ መንደር እስላም ያረደውን የሚበላ ክርስቲያን አልነበረም፣ ክርስቲያን ያረደውን የሚበላ እስላምም እንዳልነበረው ሁሉ። እጃቸው የለመደውን ነው የሠራው። በሬውን ከጅብ አድነው ከባለቤቶቹ ወሰዱት።

ሰዎቹ እየሮጡ ደረሱ። አጎቴ ከፊት ነው፣ ቢላዋ ይዟል። የታረደውን አንገት ሲያይ «ተመስገን! ተመስገን!» ብሎ እጁን ዘረጋ። ከዚያ ቆመ። ወዲያ ወዲህ ማየት ጀመረ።

«ማን ባረከው?»

የሁሉም ዓይን ተራ በተራ ሐጂ እጅ ላይ አረፈ።

እንግዲህ ጩኸቱን አልጽፈውም። የአጎቴ ልጅ አንጁሎ መኪናው ላይ ወጥቶ ሸራውን መቅደድ ጀመረ። «ከነጨው እናቃጥላት!» ይላል። አንዱ ድንጋይ አነሣ። አጎቴ ባሳ ግን አልጮኸም፤ ጭቃው ላይ ቁጭ ብሎ የበሬውን ጆሮ ይዞ ያለቅሳል። እሱ ነው የባሰብኝ። ሐጂ እጃቸውን አጣምረው ቆመዋል፤ ለመሸሽም አልሞከሩ። ፊታቸው ሄጄ ቆምኩ።

«እሳቸውን አትንኩ! መጀመሪያ ቢላዋውን ለእኔ ሰጥተውኝ ነበር።»

«ለአንቺ?» አለ አንጁሎ ከላይ ሆኖ። ቁጣውን ረስቶት ሊስቅ ምንም አልቀረው።

«ሴት ከምታርደውማ የእስላሙ ይሻላል» አለ አንዱ።

«ኧረ አይሻልም፤ እሷ ቢያንስ የእኛ ናት» አለ ሌላው። ወዲያው ለሁለት ተከፈሉ። ድንጋይ የያዘው ሰውዬ ድንጋዩን አስቀምጦ ክርክሩ ውስጥ ገባ። በሬው ታርዶ ተጋድሞ ማን ቢያርደው እንደማይበላ ይሟገታሉ። በሕይወቴ እንደዚያች ሰዓት የደከመኝ ጊዜ የለም። ሰው እንዲህ አድካሚ ፍጥረት መሆኑን ያወቅሁት ያኔ ነው።

አባቴ አቶ ዳና የደረሰው በዚህ መሀል ነው። የጸሎት ቤቱ ሽማግሌ ነበር፤ ኮቱን እስከ አንገቱ ቆልፎ በምርኩዝ ቀስ እያለ ወረደ። ሲደርስ ማንንም አልሰደበም። ድንጋይ ላይ ተቀመጠና አንጁሎን በዓይኑ ብቻ ከመኪናው አወረደው።

«ሳሮ፣ ሐጂ» አለ። ደህና ነዎት ማለቱ ነው።

«ሳሮ፣ አቶ ዳና። በድያችኋለሁ። አስቤ አይደለም።»

«ሲያርዱ ምን አሉ?»

ሐጂ ግራ ተጋብተው እኔን አዩኝ። «በአላህ ስም… በእግዚአብሔር ስም ነው ያልኩት። ከእሱ የሚበልጥ የለም አልኩ።»

አባቴ ምርኩዙን መሬት ላይ አሽከረከረ። «እኔም ብሆን ያንኑ ነበር የምለው» አለ።

«ታዲያ እንብላዋ!» ያለችው የዮናስ እናት ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ የእሱን ቦታ ይዛ ከስምንቱ ቤት አንዷ የሆነች ሴት ናት። ለድርሻዋ ክረምቱን ሙሉ የሰው ማሳ ስታርም ከርማለች።

«እንዴት ትበያለሽ?» ተነሣባት አንዱ። «ከበላሽ በእኛ ዋንጫ አትጠጪም።»

«ልጆቼ ሥጋ የቀመሱት ዓምና መስቀል ነው። እኔ ግንቦት ላይ ጎመን ብቻ ስቀቅል ማን መጥቶ አብሮኝ በላ? የእርዳታ ዱቄት ሲመጣ ማን ፈጨው፣ ዘይቱን ማን ጨመቀው ብሎ የጠየቀ ነበር? ሁላችሁም ተሰልፋችሁ ወሰዳችሁ። እኔም ወሰድኩ። ያኔ ሆዳችን ነበር ሽማግሌው።»

ሰዎቹ መሬት መሬት አዩ። ካፊያው ቆሞ ዝንብ መሰብሰብ ጀምሯል፤ ሥጋው ካልተገፈፈ እንደሚበላሽ ሁሉም ያውቃል። የሚጠብቁት አባቴን ነው። እኔም አባቴን ነበር የምጠብቀው። «ብሉ» ቢል ግማሹ ይበላል፣ ግማሹ ከጸሎት ቤቱ ይወጣል። «አትብሉ» ቢል ሐጂን ከዚያ በሰላም የሚያወጣ አልነበረም፤ በሬ አጥፍቶ በዓል ያጠፋ ሰው ይሆናሉ።

አባቴ ወደ ሐጂ ዞሮ ተናገረ። የተናገረው በወላይትኛ ነው፤ እንደምችለው ላስቀምጠው።

«ሐጂ፣ ጭንቅላቴ ተስማምቷል። በእግዚአብሔር ስም ነው የታረደው። ጉሮሮዬ ግን አይከፈትም። አባቴ አልበላም፣ የአባቴ አባት አልበላም። ይህ ጽድቅ ነው ብዬ አልዋሽም፤ ልማድ ነው። በዚህ ዕድሜዬ ጉሮሮ ከየት አመጣለሁ?»

«አልፈርድብዎትም» አሉ ሐጂ። «የእኔም እንደዚያው ነው።»

«እንግዲያው የሚበላ ድርሻውን ይውሰድ፤ በዮናስ እናት ላይ አንድ ሰው አፉን ቢከፍት እኔን እንደተናገረ ነው። የቀረውን እርስዎ ቢጠና ላሉት ወገኖችዎ ይውሰዱት። ሰው የሚበላው ሥጋ ሜዳ ላይ አይጣልም።»

«ነገ ጠዋት በሬያችሁን አመጣለሁ፣ ወላሂ» አሉ ሐጂ።

አንጁሎ አጉረመረመ፣ ግን ቆዳውን መግፈፍ የጀመረው እሱ ነው። ተሾመ ከፖሊስ ጋር ሲመለስ የጠበቀው ጭፍጨፋ ሳይሆን ብልት የሚያወጡ ሰዎችን ነበር፤ አፉን ከፍቶ ቆመ። መኪናው ሥጋውን ጭኖ ሲሄድ ሐጂ ጋቢና ውስጥ አልገቡም፤ ከኋላ ከጨውና ከሥጋው ጋር ተቀመጡ።

አመሻሽ ላይ የዮናስ እናት ድርሻዋን በእንሰት ቅጠል ጠቅልላ ሄደች። ማንም አልተከተላትም። እኔ ወላጆቼ ቤት ገብቼ እግሬን ታጥቤ ጋደም አልኩ። እንቅልፍ ግን እንቢ አለኝ። ብቻዋን ከልጆቿ ጋር ስትበላ፣ በሯን ዘግታ፣ ታየኝ። ሐጂ በሻንቶ የነገሩኝ ትዝ አለኝ፤ ሰው ሲበላ ቆሞ ማየት። ብቻን መብላትም የእሱ እኅት ናት። ነጠላዬን ለበስኩና ሄድኩ።

በሩን ሳንኳኳ ማን መጣ ብላ ሥጋውን ልትሸፍን ነበር። እኔ መሆኔን ስታይ ቦታ ለቀቀችልኝ። ልጆቹ በጥርሳቸው አጥንት ይግጣሉ። በዳጣ፣ በሚያቃጥለው የቃሪያ ማባያችን፣ ነክራ አንድ ጉርሻ ዘረጋችልኝ። አፌ ውስጥ አስገባሁት።

ሥጋ ነው። ሌላ ምን ልበላችሁ? መብረቅ አልወረደም፣ ጉሮሮዬም አልተዘጋ። ዳጣው ብቻ አቃጠለኝና ልጆቹ ሳቁብኝ።

ጠዋት ግቢውን ስጠርግ አባቴ አጠገቤ መጥቶ ቆመ። መንደር ውስጥ ተደብቆ የሚበላ ነገር የለም።

«ጨው ነበረው?» አለኝ።

«ትንሽ አንሶት ነበር፣ አባባ።»

«እህህ» ብሎ ሄደ። ከዚያ ወዲያ እስኪሞት ድረስ አላነሣብኝም።

ሐጂ ከድር ፀሐዩ ከፍ ሲል መጡ፤ በእግራቸው። ገመዱን የያዘው በሬውን የሸጠላቸው ገበሬ ነው፤ እሳቸው ከጎኑ ደም የነካውን ጋቢ አጥበው ለብሰው ይሄዳሉ። «ዛሬ መኪና አላስጠጋም» አሉኝ ቀልድ ሊያስመስሉት እየሞከሩ፤ ጫማቸው ጭቃ ብቻ ሆኗል። ገመዱን ለአጎቴ ባሳ በእጁ ሰጡት። አጎቴ ሻኛውን ዳበሰና ጎኑን መታ አደረገው። «ያኛውን አያክልም» አለ። ከዚያ ደግሞ «ግን ጥሩ ነው» አለ። ዕርቅ ማለት እሱ ነበር።

አባቴ ራሱ ባረከው። ሐጂ ሥራው እስኪያልቅ በአጥሩ ወዲያ ፊታቸውን አዙረው ቆሙ። ሊሰናበቱ ሲሉ አባቴ ክንዳቸውን ያዘ።

«በዓሌን በልተው ነው የሚሄዱት።»

«ምን በልቼ፣ አቶ ዳና?» ብለው ሳቁ። የለመደባቸው ሳቅ ነው፤ በየቤቱ ሲስቁት የኖሩት።

«ይቀመጡ።»

ወንዶቹ በቅጠሉ ዙሪያ ተቀመጡ። ቀይ ሥጋ ተቆልሎ፣ ዳጣው በየጣባው ተደርጓል፤ በየሰዉ እጅ ቢላዋ አለ። የተከበረው ብልት እንደ ወጉ አባቴ ፊት ተቀመጠ፤ የቅርጫው ታላቅ ሳይጀምር ማንም አይጀምርም። እናቴ ግን ሌላ ነገር ይዛ መጣች። ከቆጮ የተሠራ ሙቹዋ ነው፤ ሴቶቹ ዓመቱን ሙሉ ያጠራቀሙት ቅቤ ተደፍቶበት ይንሳፈፋል። ጣባው ሥጋ ነክቶት የማያውቅ አዲስ ነበር። ከየት እንዳመጣችው ኋላ ስጠይቃት ለእኔ ልትሰጠኝ የገዛችው እንደነበር ነገረችኝ።

ጣባውን ሐጂ ፊት ልታስቀምጥ ስትል አባቴ «መሀል ላይ አድርጊው» አላት። ከዚያ የእሱን ሥጋ ወደ አጎቴ ገፋው።

«ምን ሆነሃል፣ ወንድሜ?» አለ አጎቴ። «መስቀል እኮ ነው! አመመህ?»

«አላመመኝም። ዛሬ እንግዳዬ የሚበላውን ነው የምበላው።»

አባቴ ያኔ ሰባ ዓመት ሳይሞላው አይቀርም። ድሃ ሆኖም፣ ታሞም፣ ዘመኑ ከፍቶም ጊፋታን ያለ ሥጋ ውሎ አያውቅም። ሰዎቹ ቢላዋቸውን እንደያዙ ቀሩ። እሱ ከሙቹዋው ጠቅልሎ መጀመሪያ ለሐጂ አጎረሳቸው፣ ከዚያ ለራሱ ጎረሰ። ሐጂ ጉርሻውን አልዋጡትም፤ አፋቸው ሞልቶ ተቀመጡ። ቅቤው በጢማቸው ይወርዳል፣ እንባቸው ደግሞ በጉንጫቸው። አባቴ ሳያያቸው ወዲያ እያየ «ቅቤው በዛ እንዴ?» አለ።

ሶዶ ስመለስ ገበያ ወጥቼ ሁለተኛ ሳይሆን ሌላ ድስት ገዛሁ። ሥጋም ቅቤም የማይነካው፤ ጎመን፣ ድንች፣ ካሮት፣ ምስር። ጾመኛው ይበላዋል፣ ሙስሊሙ ይበላዋል፣ የእኛው ሰው ይበላዋል። የራሱ ጭልፋ አለው፣ የራሱ ሳህን አለው፤ ሠራተኞቼ ሲያቀያይሩት የምጮኸውን ሰፈሩ ያውቀዋል። ሐጂ ከድር በተቀመጡ ቁጥር ሻይ ብቻ ማዘዝ ትተው እስኪሞቱ ድረስ ምሳቸውን እኔ ዘንድ በሉ። ጨው አንሶታል ይሉ ነበር፤ ጨው ሻጭ አይደሉ።

የሃይማኖት ትምህርት ልሰጣችሁ አይደለም፤ አላውቅም። ጉሮሮው ያልተከፈተለትን ሰው አልወቅስም፤ ጉሮሮውን ለማስከፈት የሚገፋውንም አልወድም። እኔ የማውቀው ድስት መጣድ ነው። ሰው ሲጋብዝ ብዙ ጊዜ የሚያስበው ያለውን ምርጥ ነገር ማቅረቡን ነው፤ ፊቱ የተቀመጠው ሰው ያንን ይበላ እንደሆነ አይጠይቅም። እኔም አልጠይቅም ነበር። እናንተም ቤት ቆሞ የሚያይ ሰው ሊኖር ይችላል። ሻይ ብቻ ጠጥቶ የሚሄደውን ልብ በሉት። በዶሮውም ነገር ደግሞ፣ ከዚያ ወዲህ ደጃፍ ቆሜ ወንድ አልለምንም። ራሴ እባርካለሁ፤ ያልጣመው አይብላ፣ ሌላ ድስት አለኝ።

አባቴ ለመጨረሻ ጊዜ ወደ ሶዶ የመጣው ለሕክምና ነበር። ዓይኑ ሊጠፋ ደርሶ ጥላ ብቻ ነው የሚያየው። ሠራተኞቼ ለእሱ ብለው ያዘጋጁት ጥብስ እየሸተተው፣ ግድግዳውን እየዳበሰ ጥጉ ጋ ተቀመጠ። ሠራተኛዋ ሳህኑን ልታቀርብለት ስትል በእጁ አስቆማት።

«አስቴር፣ አጠገቤ ማን ነው የተቀመጠው?»

አንድ የማላውቀው ሽማግሌ መንገደኛ ነበር፤ ቆብ አድርጓል፣ ዳቦውን ከኪሱ እያወጣ ነው።

«እስላም ናቸው፣ አባባ።»

«እንግዲያው» አለ አባቴ፣ እጁን ለመታጠብ እጅጌውን እየሰበሰበ፣ «ሁለታችን የምንበላውን አምጪልን።»